የኋላ ወንበር

ሲንቄና ሞሲሳ ስድስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ፣ ነቅተው የተያዩበት ሰዓት ቢጠራቀም አንድ ክረምት አይሞላም። እሷ አዲስ ዓለም ካለው ቤታቸው ገና ሳይነጋ ወጥታ፣ በሚኒባስ ተጋፍታ፣ አዲስ አበባ ቢሮዋ ትገባለች። እሱ ደግሞ የጊንጪውን ነጋዴ የኦቦ ኩምሳን እህል በአይሱዙ ጭኖ ሌሊቱን ሲነዳ ያድርና እሷ በወጣችበት በር ይገባል። አንዱ ሲመጣ አልጋው ገና በሌላው ገላ እንደሞቀ ነው።

ስለዚህ የሚነጋገሩት በወረቀት ነበር። ስልክማ ሁለቱም አላቸው፤ ግን አንዱ ሲሠራ ሌላው ተኝቷል፣ የደከመን ሰው ደግሞ ለሹሮ ጉዳይ መቀስቀስ ያሳዝናል። ከፔርሙዙ ሥር ቁራጭ ወረቀት ያኖራሉ። «ወጡ ምድጃው ላይ ነው። ሳትበላ እንዳትተኛ» ትላለች እሷ። «ጫማሽን አሰፍቻለሁ። ዛሬ ይዘንባል፣ ጃንጥላ ያዢ» ይላል እሱ። እነዚህ ወረቀቶች ላይ የማንም ስም ተጽፎ አያውቅም። እቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለ፣ ለማን ተብሎ ይጻፋል?

ዘንድሮ በመስቀል ማግስት የእህሉ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ኦቦ ኩምሳ ሞሲሳን ጠሩትና የራሳቸውን ፒክአፕ ቁልፍ እጁ ላይ አኖሩለት። «ያቺን ልጅ ይዘህ ሁለት ቀን ተንፈስ በል። ጫጉላ ሳትወጡ አረጃችሁ እኮ» አሉት። ባልና ሚስቱ ሲያቅዱ አመሹ። ቅዳሜ አምቦ፣ ፍልውሃ፣ ማታ ሙዚቃ ቤት፤ እሁድ ወንጪ ሐይቅ ላይ በጀልባ። ሲንቄ ቀይ ቀሚሷን ሦስት ጊዜ ከሻንጣ አውጥታ ሦስት ጊዜ መለሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጊንጪን ሲያልፉ ወደ ጭልሞ ጫካ ጎራ አሉ። ከጽድ ዛፎች ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ተራመዱ፤ ጦጣ አይተው እንደ ሕፃን ሳቁ። የሁለት ሰዓት ደስታ የስድስት ዓመት ድካሟን ቀሰቀሰባት መሰለኝ፣ ወደ መኪናው ሲመለሱ ሲንቄ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ሞሲሳ የኋላውን ወንበር ጠረገላት፣ ቡናማ ጃኬቱን አውልቆ አጥፎ ትራስ አደረገላት።

«ሰው ሲያየን ታማሚ የማመላልስ ይመስለዋል» አላት።

«ጤነኛ ሆኜ ልድረስ ብዬ ነው» ብላ ሳትጨርስ ተኛች። ከዚያ እስከ አምቦ ድረስ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ እንቁላል የጫነ ያህል ተጠንቅቆ ነዳላት።

የቀናቸው ደስታ ያለቀው ሆቴሉ በር ላይ ነው።

«ሲንቄ! አንቺ ነሽ?»

ሲንቄ ከኋላ በር ዓይኗን እያሻሸች ስትወርድ ፊት ለፊቷ የቆሙት የቢሮዋ ኃላፊ ወይዘሮ ሸዋገነት ናቸው። ከጎናቸው የጠረጴዛ ጎረቤቷ ፌቨን። አሥር ያህል ሌሎች ሰዎች ባጅ አንጠልጥለው ከአዳራሽ ይወጣሉ። ለካ የቢሮዋ የሰሞኑ ስልጠና የተዛወረው እዚሁ ሆቴል ነው። በምድር ላይ ስንት ሆቴል እያለ!

«እረፍት ወጣች ሲሉን እኛን ተከትለሽ መጣሽ?» ፌቨን አቀፈቻት። ከዚያ ዓይኗ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ደግሞ ዕቃ ወደሚያወርደው ሰው ሄደ። «ባለቤትሽስ? ሹፌር መድቦልሽ እሱ ቀረ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሲንቄ ቢሮ ውስጥ ዋሽታ አታውቅም፣ እውነቱንም ተናግራ አታውቅም። ገና ስትቀጠር «ባሌ ትራንስፖርት ላይ ነው» አለች። ሰው በራሱ ጊዜ ባለብዙ መኪና አድርጎ ሾመላት፤ እሷም ሹመቱን አልመለሰችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያለችው ነገር ዛሬ አድጎ፣ ጎልምሶ፣ ሆቴል በር ላይ ጠበቃት።

ዞር ብላ አየችው። ሸሚዙ ተጨማድዷል። እጁን ትላንት ማታ በኦሞ ሲያሽ ቢያመሽም ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ አልለቀቀም። ጃኬቱን ከኋላ ወንበር አንስቶ እየለበሰ ነው።

«ሥራ ይዞት ነው» አለች። «ነገ ይደርሳል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሞሲሳ ሻንጣውን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። አልሰማ ይሆናል ብላ ለመነች፤ ግን ሰምቷል። አላፈጠጠባትም። ሌሊት መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ የሚያደርገውን አደረገ፤ የሆነውን ተቀብሎ ወደ ሥራው ገባ።

«እትዬ፣ ሻንጣው የትኛው ክፍል ይግባልዎ?»

ሲንቄ ፈገግታውን ጠበቀች። አልመጣም።

ክፍል እንደገቡ በሩን ዘጋችና ክንዱን ያዘችው። «ሞሲሳ ደንግጬ ነው። እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፣ ከአፌ አመለጠኝ…»

«አውቃለሁ። ውጪና ንገሪያቸዋ እንግዲህ። ይስቃሉ፣ ያልቃል።»

እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሰጣት ማለት ነው። መስኮቱ ሥር የፌቨን ሳቅ ይሰማል። ሲንቄ ያንን ሳቅ ሰኞ ቢሮ ውስጥ ስትሰማው ታያት፤ ሦስት ዓመት ሲጠሩላት የኖረው «የባለመኪናው ሚስት» ሲገለበጥ ታያት።

«እነሱ እኮ ነገ ጠዋት ይሄዳሉ» አለች ወደ መሬት እያየች። «ለዛሬ ማታ ብቻ ብትችልልኝ? ከዚያ ወንጪ እንሄዳለን፣ ብቻችንን…»

ሞሲሳ ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «ለዛሬ ማታ ብቻ» ብሎ ደገመው። «እሺ እትዬ። ለሹፌሮች ከጓሮ ክፍል አለ ብላኛለች እንግዳ ተቀባይዋ።»

የመጀመሪያው ድንጋጤ ነበር፤ ይሄኛው ግን ምርጫ ነው። ሲንቄም ልዩነቱን እዚያው በሩ ሲዘጋ አወቀችው፤ አውቃም ቀይ ቀሚሷን ለበሰች።

ከሰዓት በኋላ አምቦን አየች ከተባለ አየች። ወይዘሮ ሸዋገነት «መኪናሽ ሰፊ ነው፣ ይዘሽን ዙሪ» አሉ፤ ሞሲሳ ሦስቱን ሴቶች ከኋላ ጭኖ ነዳ። ፍልውሃው ዘንድ ፎጣቸውን ይዞ ቆመ። ውሃው ሙቅ ነው፣ ሲንቄን ግን በረዳት። ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ፌቨን ስልኳን ዘረጋችለት። «ሹፌሩ ያንሳን!»

ሞሲሳ ወደ ኋላ ሄዶ፣ አንድ ጉልበቱን አጥፎ፣ አስተካከለ። እሱና ሲንቄ አብረው የተነሡት ፎቶ የሠርጋቸው ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬ እዚህ ድልድይ ላይ ሁለተኛውን ሊነሡ ትላንት ማታ ተስማምተው ነበር። «የዛሬ ስድስት ዓመት እዚያ ቆመሽ ነው እሺ ያልሽኝ» ብሏት። ያኔ እሷ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እሱ የአይሱዙ ረዳት። አባቷ መምህር ገለታ «ለመሪ ጨባጭ ብዬ አይደለም ያስተማርኩሽ!» ብለው ሲጮኹ፣ ሽማግሌ በተሞላ ቤት መሐል ተነሥታ «እኔ የምፈልገው እሱን ነው» ያለች ልጅ ነበረች። ያቺን ልጅ ማን ወሰዳት?

«ፈገግ ይበሉ እትዬ» አለ ሞሲሳ ከስልኩ ጀርባ።

ፈገግ አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ማታ የባህል ሙዚቃ ቤቱ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ ኪቦርድ የሚመታ ጎረምሳና ነጭ የለበሰች ዘፋኝ፤ ወለሉ ላይ ትከሻውን የሚያራግፍ ሕዝብ። የቢሮው ሰዎች መሐል ያለውን ረጅም ጠረጴዛ ያዙ። ሹፌሮች በር አጠገብ ያለችውን ትንሿን ያዙ። ደንቡ ነው፤ ማንም አላዘዘም፣ ማንም አልጠየቀም። ሲንቄ እስከ ዛሬ በስንት የመስክ ጉዞ ላይ ያቺን የበር ጠረጴዛ አልፋ ገብታለች፤ አንድም ቀን ቆጥራቸው አታውቅም። ዛሬ ቆጠረቻቸው። አራት ናቸው። አራተኛው ቡናማ ጃኬት ለብሷል፣ ከፊቱ አምቦ ውሃ አለ።

ዘፋኟ ማይኩን አፏ ላይ አስጠግታ «ባልና ሚስት የሆናችሁ ብድግ በሉልኝ! ይሄ የናንተ ነው!» አለች።

ጥንዶች ተነሡ። አንድ ሸበቶ ሰው ሚስቱን እጇን ይዞ፣ እያነከሰ፣ መሐል ገባ። ፌቨን የሲንቄን ክርን ጎሸም አደረገቻት። «ውይ፣ ባልሽ ቢኖር ኖሮ!»

ሲንቄ ወደ በሩ አየች። ሞሲሳ እያየኝ ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። አላያትም። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ለጓደኞቹ የሆነ ነገር ያወራል፤ አፉ ብቻ ሳይሆን እጁም ያወራል፣ ፊቱ በርቷል። እንዲህ ሲያወራ ካየችው ስንት ዓመቷ ነው? በድንገት ይህንን ሰው ከማንም በላይ ናፈቀችው። ያለችው እዚሁ፣ ሃያ እርምጃ ላይ ሆና።

ተነሣች። በተቃቀፉት ሰዎች መሐል እየተሽሎከለከች ወለሉን አቋረጠች። ምን እንደምትል አልወሰነችም፤ ብቻ እግሯ ሄደ። በር ጋ ስትደርስ የቢሮዋ ሹፌር ዓብዲሳ ቀድሞ አያትና ብድግ አለ። ሁሉም ተነሡ። ሞሲሳም ተነሣ።

«ኖር እትዬ! ይቀመጡ እንጂ» አለ ዓብዲሳ ወንበር እየሳበ። በጎ ሰው ነው፣ ጨዋታ ይወዳል። «እኛ እኮ በሹፌርዎ ተይዘን አመሸን። ሚስቱን ሲያወድስ መላእክትም እንዲህ አይወደሱ! ሃደ መና ኮ፣ ሚስቴ፣ ሚስቴ እያለ። የተማረች ናት አለን፣ ትልቅ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በሷ በኩል ቆጥበው ቤት ሠሩ አለን። እኛማ ቀናን! ወረቀቶቿን ሳይቀር ይዞ ይዞራል፤ ይሄው።»

ጠረጴዛው ላይ፣ ከአምቦ ውሃው ጠርሙስ አጠገብ፣ በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ክምር አለ። ጠርዙ በዘይት ወይቧል። ከላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ጠብቄህ ነበር፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ይቅርታ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

የገዛ እጅ ጽሑፏ ነው።

ሲንቄ እዚያ ቆማ እፍረት ማለት ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች። እስከዚያች ደቂቃ አፍሬያለሁ ስትል የነበረው ነገር ፍርሃት ነው። እሷ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስትክደው፣ እሱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲኮራባት አመሸ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? የእሷ ብብት ውስጥ የነበረው ይኼ ሁሉ ነበር፣ አላወቀችውም።

«ሃደ መና ኢሳ ኣነ» አለች በኦሮምኛ። «ዓብዲሳ፣ ሚስቱ እኔ ነኝ። ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሞሲሳ ባሌ ነው።»

ዓብዲሳ እሷንም እሱንም አየ። ሳቅ ይሁን ድንጋጤ ባልለየ ፊት አፉን ከፈተ።

«እትዬ ይቀልዳሉ» አለ ሞሲሳ።

ረጋ ብሎ ነው ያለው። ወረቀቶቹን ሰበሰበ፣ ላስቲኩን አጠበቀ፣ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አስገባ። «እትዬ ተጫዋች ናቸው። ልፋታችሁን ያቅልልላችሁ፣ መኪናው ጋ ነኝ» ብሎ ወጣ። ያዳናት መስሎት ነው። ነገ ቢሮ ስትገባ እንዳይስቁባት በገዛ አፉ ራሱን ከሷ ሕይወት ሰረዘላት። ከሚጮህባት ይልቅ ይሄ ገደላት።

ትከሻዋ ላይ እጅ አረፈ። ወይዘሮ ሸዋገነት ናቸው፤ ከኋላዋ ተከትለዋት መጥተው ሁሉንም ሰምተዋል።

«ሂጂ፣ ተከተይው» አሉ በዝግታ። «እኔማ ቀትር ላይ አውቄው ነበር። ከመኪና ስትወርጂ ጉንጭሽ ላይ የጃኬት ዚፕ ታትሞ ነበር፣ ጥርስ በጥርስ። ሹፌሩ ያንኑ ጃኬት ሲለብስ አየሁት። ሹፌር ልብሱን ለእመቤቱ ትራስ አያደርግም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ዝም ስትዪ እኔ ምን ልበል? ፌቨንም ሳትጠረጥር አልቀረችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነን ዋልን።»

ስለዚህ ማንንም እንኳ አላታለለችም። ባሏን የሸጠችው ለማይገዛ ገበያ ነው።

ውጪ ብርዱ ጥርስ ያስነክሳል። ፒክአፑ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል፣ የውስጥ መብራቱ በርቷል። ሞሲሳ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፣ ሞተሩ ግን አልተነሣም። ሲንቄ የኋላውን በር አልፋ የፊቱን ከፈተችና አጠገቡ ገባች።

«እትዬ፣ ቦታዎ ከኋላ ነው» አለ ሳያያት።

«ሞሲሳ፣ በእናትህ።»

መሪውን አልለቀቀም። ከሙዚቃ ቤቱ የሚመጣው ከበሮ የመኪናውን መስታወት ይነካካል።

«ስደበኝ» አለች። «ጩኽብኝ። የፈለግከውን በለኝ። ሰው ፊት ተናግሬያለሁ፣ ነገም እናገራለሁ። ቁርስ ላይ ሁሉም ባሉበት…»

«ሰው ፊት» አለ። አሁን ዞር ብሎ አያት፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ሰው ሲያይሽ ካድሽኝ። አሁን ደግሞ ሰው ሲያይሽ አወቅሽኝ። እኔ የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም ሲንቄ። ማንም በሌለበት፣ አንቺ ብቻሽን ስትሆኚ፣ እኔ ላንቺ ማነኝ? ሹፌር ነኝ? ዕቃ የማወርድ፣ ጫማ የማሰፋ? ዛሬ ቀኑን ሙሉ እትዬ ስልሽ ምን እንደከበደኝ ታውቂያለሽ? አልከበደኝም። ለምዶብኝ የኖረ ነገር መሰለኝ። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።»

«እኔ… አንተ ለኔ…» ብላ ሲንቄ ጀመረች፤ የሚናገረው ያው ቀትር ላይ የዋሸው አፍ ስለሆነ ለራሷም አልታመን አላት።

«ተይ፣ አትናገሪ» አለ። ጃኬቱን አውልቆ ጭኗ ላይ አኖረላት፤ እየተንቀጠቀጠች መሆኗን እሷ እንኳ አላወቀችም ነበር። «አፍሽ ዛሬ ደክሞታል። እጅሽ ግን ስድስት ዓመት አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። ለሱ ነው ያንን ሁሉ ወረቀት የምይዘው። ጻፊልኝ። ነገ ወንጪ እንሂድ ወይ ቤታችን እንመለስ፣ አንብቤ እነግርሻለሁ።»

ከቦርሳዋ የቢሮዋን ማስታወሻ ደብተር አወጣች። ከመሐል ገጽ ቀደደች። እስክሪብቶው በብርዱ እምቢ አላት፤ በትንፋሿ አሞቀችው። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ሚስት ስትጽፍ ባል አጠገቧ ኖሮ ስለማያውቅ የት እንደሚያይ ጠፍቶት።

ሲንቄ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ፣ ጃኬቱ ላይ፣ ዘረጋች። እንደ ወትሮው በቀጥታ ልትጀምር እጇን አሳረፈችና ቆመች። ስድስት ዓመት ሙሉ ለማን እንደምትጽፍ አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም። ከላይ፣ ከሁሉም ከላይ፣ በትልልቁ፣ «ለባሌ ለሞሲሳ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በታች ያለውን ባዶ ቦታ እያየች አለቀሰች። ሞሲሳ የመኪናውን መብራት ሳያጠፋ ጠበቃት።